የኮምፒዩተር ጥራጊ ሰብሳቢ ታሪክ፤ እንዴትስ እንደ ተፈተነ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ትምህርት ቤታችን የተቋቋመበትን ቀን ለማክበር ይህ መጽሔት ሲዘጋጅ፣ ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ ስለ ንጉሥ ሚካኤልና ስለ አይጠየፍ አዳራሽ፣ ሌላይቱ ደግሞ ከአሰብ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ ስለሚመጣው መንገድ ለመጻፍ ቀድመው ተመዘገቡ። እኔ ዘግይቼ ስለ ደረስሁ ደኅና ርእስ ሁሉ ተወስዶ ቆየኝ። የታሪክ መምህራችን ግን «ሰው የሠራውና ዓመተ ምሕረት ያለው ነገር ሁሉ ታሪክ ነው፤ የምታውቀውን ጻፍ» ስላሉኝ፣ በትርፍ ጊዜዬ የምማረው የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ነውና፣ በፕሮግራም ውስጥ ተሰውሮ ስለሚሠራ ስለ አንድ አገልጋይ ለመጻፍ ወሰንሁ። የዚህ አገልጋይ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጥራጊ ሰብሳቢ» ማለት ነው። ወላጆች ርእሱን አይተው ስለ ማዘጋጃ ቤት ጋሪ የምጽፍ እንዳይመስላቸው እለምናለሁ። በጽሑፌ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከእኛ ከደሴ ሰዎች የራቀ አይደለም። ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚሸጥ ነጋዴ ሒሳቡን በቴሌብር ሲቀበል፣ ተማሪም የፈተና ውጤቱን በስልክ ሲመለከት፣ በእጁ የያዘው ስልክ ብዙውን ጊዜ አንድሮይድ የሚባለው ነው። በአንድሮይድ ላይ ከሚገኙት ፕሮግራሞች የሚበዙት ራሳቸውን ችለው አይሄዱም፤ ከበታቻቸው ሆኖ የሚያስኬዳቸውና ሜሞሪ የሚያድላቸው ሌላ ፕሮግራም አለ። ጥራጊ ሰብሳቢው የዚህ አስኪያጅ አንድ ክፍል ነው። ሜሞሪ ማለት ኮምፒዩተሩ ሲሠራ የያዘውን ነገር ሁሉ የሚያኖርበት ቦታ ሲሆን መጠኑ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ያለቀለትን ነገር እያነሣ ቦታውን ለአዲስ ሥራ የሚያስለቅቅ ሠራተኛ ያስፈልገዋል።

የዚህን ሠራተኛ ችግር በደንብ የገባኝ ኮምቦልቻ ባለችው አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ቡና ስታፈላ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። የረከቦቱ ሲኒዎች ግን ለሁሉ አይበቁም። ስለዚህ ታናሿ ልጅ የተጠጣባቸውን ሲኒዎች እየዞረች ታነሣለች፤ አጥባም ለቀጣዩ ሰው ታቀርባለች። ይህች ልጅ ሁለት ዓይነት ስሕተት ልትሠራ ትችላለች። አንደኛው፣ ያለቀለትን ሲኒ ሳታነሣ መተው ነው። ሲኒ ያልቅና ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ይጠብቃል፤ ይህ ያሳፍራል እንጂ ሰው አያሳስትም። ሁለተኛው ግን፣ አንድ ሽማግሌ ሳይጨርሱ ለጨዋታ ብለው ከአጠገባቸው ያኖሩትን ሲኒ አንሥታ፣ የቀረውን ደፍታ፣ ለሌላ ሰው ቀድታበት እዚያው ብታስቀምጠው ነው። ሽማግሌው ጨዋታቸውን ጨርሰው ሲኒያቸውን ሲያነሡ የሌላ ሰው ቡና ይጠጣሉ። ልብ በሉ፤ ስሕተቱ የተሠራው በአቦል ጊዜ ሆኖ የሚታወቀው በቶና ወይም በበረካ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ልጅቱ ጓዳ ገብታለች፤ የሚወቀሰውም አጠገብ የተቀመጠው ሰው ነው።

በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ጥራጊ ሰብሳቢው ገና የሚፈለገውን ነገር በስሕተት ቢያነሣ፣ ያን ጊዜውኑ ምንም አይታይም። ከብዙ ሥራ በኋላ በሌላ ስፍራ አንድ ቁጥር ይበላሻል፣ ወይም ፕሮግራሙ ይወድቃል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው የራሱን ጽሑፍ ሌሊቱን ሙሉ ሲመረምር ያድራል፤ በጽሑፉ ግን ጥፋት የለበትም። እንግዲህ ስሕተቱን በሠራበት ቦታ የማያሳይ ሠራተኛ እንዴት ይፈተናል? ይህ ጥያቄ ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየ ነው።

ጥራጊ ሰብሳቢን አስቀድሞ ያሰበው ጆን ማካርቲ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ማካርቲ በ1958 ኤም አይ ቲ በሚባለው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ሊስፕ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መሥራት ጀመረ። ይሠራበት የነበረው አይ ቢ ኤም 704 በአምፖል መሰል ቱቦዎች የሚሠራና አዳራሽ የሚሞላ መኪና ነበረ፤ ሜሞሪው ግን ቢበዛ 32,768 ቃላት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቃል 36 ቢት ስለሆነ ሁሉ ተደምሮ 144 ኪሎባይት ይሆናል፤ በዛሬ ስልክ የተነሣ አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ እንኳ ከዚህ ይበልጣል። በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ፕሮግራም ጸሐፊው ያለቀለትን እያንዳንዱን ነገር በገዛ እጁ እያስለቀቀ ይሠራ ቢባል ጽሑፉ ሁሉ በዚያ ይሞላ ነበረ።

የማካርቲ ዘዴ የሰነፍ ይመስላል። ቦታ እስኪያልቅ ድረስ ምንም አይነሣም። ባለቀ ጊዜ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ሰብሳቢውም ፕሮግራሙ ከያዛቸው ከታወቁት መነሻዎች ተነሥቶ፣ አንዱ ዕቃ ወደ ሌላው የሚጠቁመውን እየተከተለ፣ የደረሰበትን ሁሉ ምልክት ያደርግበታል። ከዚያም ሜሞሪውን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ይዞርና ምልክት ያልተደረገበትን ሁሉ ይጠርጋል፤ ማንም የማይደርስበት ዕቃ ማንም የማይፈልገው ነውና። ይህን በሚያዝያ 1960 በታተመ ጽሑፍ ገለጸው። በዚያ ጽሑፍ እንደሚናገረው አንዱ ጠረጋ ብዙ ሴኮንድ ይፈጅ ነበረ። «ጥራጊ ሰብሳቢ» የሚለው ስም ግን በጽሑፉ ውስጥ አይገኝም። ማካርቲ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያስታውስ፣ ስሙን ያኔም ይጠሩበት እንደ ነበረ፣ ነገር ግን ወይ እርሱ ራሱ እንደ ፈራ፣ ወይ የተቋሙ ቋንቋ አራሚዎች እንደ ከለከሉት ይናገራል። በየዘመኑ አራሚ የሚፈራ ጸሐፊ መኖሩ እኔን አጽናንቶኛል።

በዚያው ዘመን ገደማ የሆነውን ነገር ማካርቲ ራሱ በሊስፕ ታሪክ ውስጥ ተርኮታል፤ ለእኔም ከታሪኩ ሁሉ ዋናው ይህ ነው። ከልዩ ልዩ ኢንዱስትሪ የመጡ እንግዶች በኤም አይ ቲ ተሰብስበው ነበረ፤ በእነርሱም ፊት መልካም ሆኖ መታየት ለተቋሙ አስፈላጊ ነበረ። ኮምፒዩተሩ ያለበት ክፍል ስለሚጠብ፣ እንግዶቹ በሌላ አዳራሽ ተቀምጠው በቴሌቪዥን እንዲመለከቱ ተደረገ። ከኮምፒዩተሩ ጋር የተያያዘው የጽሕፈት መኪና በሴኮንድ አሥር ፊደል ብቻ ይጽፍ ነበረ። አስቀድሞም ልምምድ ተደርጎ ሁሉ በደኅና ተፈጽሟል።

በዕለቱም ሥራው ቀስ እያለ ቢሆንም በደንብ ይሄድ ጀመረ። በመካከሉ ግን የጽሕፈት መኪናው ማንም ያላዘዘውን ነገር ይጽፍ ገባ፤ ጥራጊ ሰብሳቢው እንደ ተጠራ፣ ስንት ቃላት ምልክት እንደ ተደረገባቸው፣ ስንት እንደ ተሰበሰቡ፣ የቦታው ስፋት ስንት እንደ ሆነ እየዘረዘረ፣ በዚያ በኤሊ እርምጃው አንድ ሙሉ ገጽ መጻፉን ቀጠለ። ለካ ሠሪዎቹ በአዲሱ ሰብሳቢያቸው ይኮሩ ስለ ነበረ፣ በተጠራ ቁጥር ይህን ሁሉ ዘገባ እንዲያወጣ አድርገውት ኖሯል። በፈጣኑ ማተሚያ ሲሆን ዓይን ሳይጨፈን ያልቅ ነበረ፤ በጽሕፈት መኪናው ግን ጊዜውን ሁሉ በላው። ስለ ጥራጊ ሰብሳቢ አንድም ቃል ያልተነገራቸው እንግዶች ሳቁ። ማካርቲ እንደሚለው፣ አንድ ቀልደኛ ያሾፈባቸው ሳይመስላቸው አልቀረም።

ልምምዱ ታዲያ እንዴት አለፈ? በልምምዱ ጊዜ ቦታ ስላላለቀ ሰብሳቢው ከቶ አልተጠራም ነበረ። ከልምምዱ በኋላ ሜሞሪውን እንደገና ሳያድሱት ቀሩ፤ ልምምዱ የበላው ቦታ እንደ ተበላ ቆየና በእውነተኛው ቀን አለቀ። የተለማመዱት ሁሉንም ነገር ነው፤ ያን አንዱን ሲቀር።

በዚያው በ1960 ጆርጅ ኮሊንስ ሌላ መንገድ አመለከተ። በእርሱ ዘዴ እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ጠቋሚ እንዳለው ቁጥሩን ይዞ ይቆያል፤ ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን ወዲያው ይነሣል። ሥራ ማስቆም የለም። ነገር ግን በ1963 ሃሮልድ ማክቤዝ የዘዴውን ቀዳዳ በአጭር ጽሑፍ አሳየ። ሁለት ዕቃዎች እርስ በርሳቸው የሚጠቋቆሙ ቢሆኑ፣ ሌላ ማንም ባይፈልጋቸው እንኳ ቁጥራቸው ዜሮ አይሆንም። ሌላ ንብረት የሌላቸው ሁለት ተበዳሪዎች እርስ በርሳቸው ዋስ ሆነው ሲቀርቡ እንደ ማለት ነው፤ መዝገቡን ያየ ጸሐፊ ሁለቱም ዋስ አላቸው ብሎ ያልፋል። በ1991 የወጣው ፓይተን የተባለው ቋንቋ ይህን የቁጥር ዘዴ ይዞ ተነሣ፤ የእነዚህን የእርስ በርስ ዋሶች ነገር የሚመረምር ተጨማሪ ሰብሳቢ የገባለት በ2000 ነው። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

ታሪኩ እጅግ የሚከብደው ከ1975 ወዲህ ነው። ሰዎች የማካርቲ ሰብሳቢ ሥራ ማስቆሙ ሰለቻቸውና፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ሰብሳቢው ጎን ለጎን ይሥራ አሉ። ለዚህ ችግር ምሳሌ የሚሆነኝ የሕዝብ ቆጠራ ነው፤ በአገራችን በ1976፣ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. ተደርጓል። አንድ ቆጣሪ ብቻውን ደሴን ከሆጤ ጀምሮ ወደ ቧንቧ ውሃ እየቆጠረ ይሄዳል እንበል። የቆጠረውን ቤት በኖራ ምልክት ያደርግበታል፤ ወደ ኋላም አይመለስም። ቧንቧ ውሃ የሚኖር አንድ ልጅ፣ ቆጣሪው ሳይደርስበት በፊት ተነሥቶ ሆጤ ወዳለው ወደ አጎቱ ቤት ቢሄድስ? የአጎቱ ቤት ተቆጥሮ አልቋል፤ የራሱም ቤት ሲቆጠር እርሱ የለም። ልጁ በሕይወት አለ፤ በመዝገብ ግን የለም። በሕዝብ ቆጠራ ይህ የአንድ ሰው ጉድለት ነው። በሜሞሪ ግን በመዝገብ ያልተገኘ ሁሉ ይጠረጋል።

በ1975 ጎን ለጎን የሚሠራ ሰብሳቢ ካቀረቡት አንዱ ጋይ ስቲል ነው። ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ተማሪ ነበረ፤ ከእኔ የሚበልጠው በሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን ሳስብ ትንሽ እቀናለሁ። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መጽሔት ማረሚያ ማሳተም አስፈለገው። በ1978 ደግሞ የሆላንዱ ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ ከሌስሊ ላምፖርትና ከሌሎች ሦስት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ዝነኛውን ጽሑፍ አወጣ። በውስጡም ያለ ኀፍረት የሚናዘዙት ነገር አለ። ለሳምንታት ብዙ ሰዎች ትክክል ነው ብለው የተቀበሉት መፍትሔ፣ ማስረጃ ይቅረብለት በተባለ ጊዜ ጥልቅ ስሕተት ይገኝበት እንደ ነበረ ይናገራሉ። ዳይክስትራ ከዚህ አስቀድሞም፣ ሙከራ ስሕተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን ሊያሳይ አይችልም ብሎ ያስተምር ነበረ።

ከስሕተቶቹ አንዱን ልግለጽ። መድኃኒቱ፣ ቤት የሚለውጥ ሰው ሁሉ ለቆጣሪው ያስታውቅ ማለት ነው። እንግዲህ ሁለት ሥራ አለ፤ አዲሱ ቤት መግባትና ማስታወቅ። የትኛው ይቅደም? አስተዋይ ሰው ሁሉ ማስታወቁ ይቅደም፣ ከዚያ ይግባ ይላል፤ እኔም እንዲሁ ብዬ ነበረ። ነገር ግን ሰውየው ካስታወቀ በኋላ መንገድ ላይ ቢዘገይ፣ ቆጣሪው ያን ዙር ጨርሶ፣ ኖራውን ሁሉ አጥቦ፣ ሌላ ዙር ሊጀምር ይችላል። ማስታወቂያው ላለፈው ዙር ነበረና አይረዳውም፤ ሰውየውም አሁን በተቆጠረ ቤት ገብቶ ይጠፋል። እነዳይክስትራ በዚህ ቅደም ተከተል አስበው፣ ስሕተቱን ደርሰውበት፣ ከመታተሙ በፊት ተዉት። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ ሞርደካይ ቤን አሪ የተባለ ሊቅ ያንኑ ቅደም ተከተል ትክክል ነው ብሎ ከነማብራሪያው አሳተመ። እንደማይሆን በምሳሌ ያሳዩት ያን ፋን ደ ስኔፕስኼውት በ1987፣ ካርል ፒክስሊም በ1988 ናቸው። ቤን አሪ ያቀረበው ሌላው፣ ትክክለኛው ዘዴ እንኳ ማስረጃው ጉድለት ነበረበት፤ በ1994 ዴቪድ ሩሲኖፍ ማስረጃውን በኮምፒዩተር እያስመረመረ አስተካከለው። ሁለት መስመር ብቻ ለሚሆን ትእዛዝ ይህን ያህል ሊቃውንት ይህን ያህል ዓመት መድከማቸው እኔን እጅግ አስገረመኝ።

በስልካችን ውስጥ ያለውም በዚሁ መንገድ መጣ። በ2008 የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ሲሸጥ አስኪያጁ ዳልቪክ ይባል ነበረ፤ ጥራጊ ሲሰበስብ ፕሮግራሙን ያስቆም ስለ ነበረ ስልኩ ለቅጽበት ይደርቃል። በ2010 ጎን ለጎን የሚሠራው ገባ፤ በ2014 ዳልቪክ ራሱ ተሽሮ ኤ አር ቲ የተባለው ተተካ።

ዛሬ እንዴት ይፈትኑታል? የመጀመሪያው ዘዴ ማካርቲን ያሳቀበት ነገር ግልባጭ ነው። ቦታ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ፕሮግራሙ አንዲት ዕቃ በጠየቀ ቁጥር ሰብሳቢው በግድ ይጠራል። በሩቢ ቋንቋ፣ በዶት ኔት፣ የፋየርፎክስን ገጾች በሚያንቀሳቅሰውም ክፍል ይህ የፈተና መንገድ አለ። ሥራው እጅግ ይጓተታል፤ ነገር ግን በወር አንድ ጊዜ የምትታይ ስሕተት በደቂቃ ውስጥ ብቅ ትላለች። ሁለተኛው፣ የተጠረገውን ቦታ ባዶ አለመተው ነው። በቁጥር የሚጻፍ አንድ የታወቀ ምልክት ይሞሉበታል፤ አንዳንዶች የመረጡት ምልክት ሲነበብ «የሞተ የበሬ ሥጋ» የሚል ትርጉም ይሰጣል። አንድ ፕሮግራም ያን ቁጥር ይዞ ከተገኘ የተጠረገ ነገር እንደ ነካ ወዲያው ይታወቅበታል። አክስቴ ልጅቱ ባነሣቻቸው ሲኒዎች ሁሉ ኮሶ ብትቀዳባቸው፣ ሽማግሌው በመጀመሪያው ጉንጭ ይናገሩ ነበረ።

ሦስተኛውን ከሁሉ እወደዋለሁ። ጎ የሚባለው ቋንቋ በ2009 ወጣ፤ ጎን ለጎን የሚሠራ ሰብሳቢ የገባለት በ2015 ነው። በዚህ ቋንቋ አስኪያጅ ውስጥ አንድ የፈተና ትእዛዝ አለ። ሰብሳቢው ፕሮግራሙ እየተንቀሳቀሰ ቆጠራውን ከጨረሰ በኋላ፣ ሁሉ ነገር እንዲቆም ይደረግና እንደገና ከመጀመሪያው ይቆጠራል፤ በከተማው ያለ ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ ታዝዞ ቆጠራው እንደሚደገም ማለት ነው። በሁለተኛው ቆጠራ በመጀመሪያው ያልነበረ አንድ ዕቃ እንኳ ከተገኘ፣ አስኪያጁ ጮኾ ሥራውን ያቆማል። ማለትም አዲሱን ብልኅ ቆጣሪ የሚፈትነው ያ የቀድሞው የማካርቲ ቀርፋፋ ዘዴ ነው። በዚህም ያልረኩ አሉ፤ በ2009 ክሪስ ሃውብሊትዘልና ኤሬዝ ፔትራንክ ትክክልነቱ በኮምፒዩተር የተረጋገጠ ሰብሳቢ ሠርተው አቅርበዋል።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ እኔም አንድ ጊዜ ልፈትን አልሁ። ባለፈው ክረምት፣ ጦሳ በጉም ተሸፍኖ መብራትም እየሄደ እየመጣ ሳለ፣ በፓይተን አንዲት አጭር ፕሮግራም ጻፍሁ። አስቀድሜ የቆየ ጥራጊ እንዳይቀላቀልብኝ ሰብሳቢውን አንድ ጊዜ ጠራሁት፤ ከዚያም በራሱ ፈቃድ እንዳይነሣ ዘጋሁት። ቀጥሎም እርስ በርሳቸው ዋስ የሆኑ ዝርዝሮችን ሁለት ሁለት እያደረግሁ 1000 ጥንድ ሠራሁ፤ አንዱን ጥንድ ሠርቼ ስጨርስ በዚያው ስም ሌላውን እየሠራሁ የፊተኛውን እተወዋለሁ። ጥራጊው ሁሉ 2000 ዝርዝር መሆን አለበት። ሰብሳቢው ሲጠራ ስንት እንዳገኘ ይናገራልና ጠራሁት፤ 1998 አለኝ።

ደስ ያለኝን አልደብቅም። ከደሴ ሆኜ በዓለም የታወቀ ሰብሳቢ ሁለት ዕቃ ሲያመልጠው የያዝሁ መሰለኝ። ለወንድሜም ነገርሁት። እንደገና ሠራሁት፤ እንደገና 1998። በ100 ጥንድ ሞከርሁት፤ 198 አለ። ሁልጊዜ የሚጎድሉት ሁለት ናቸው። መብራት ሄደና በጨለማ ተቀምጬ ሳስብ፣ የመጨረሻውን ጥንድ የሠራሁበት ሁለት ስም አሁንም እንዳለ ትዝ አለኝ። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣ ሌላ ጥንድ ስላልነበረ ስሞቹ እስካሁን ይዘውታል፤ ሰብሳቢውም ሰው የያዘውን ሲኒ አላነሣም። መብራት ሲመጣ ሁሉንም እንደ አዲስ ሠራሁ፤ 1998 ካለኝ በኋላ ሁለቱን ስሞች ሰረዝሁና ደግሜ ጠራሁት። 2 ብሎ መለሰልኝ።